የእድር መዝገቡን ወደ ኮንቴነር ማስገባት፦ ለጃንጎና ለፖስትግሬስ ፕሮጀክት ዝርዝር መመሪያ

አንድ ፕሮጀክት ለአዲስ ባልደረባ ሲተላለፍ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልቁት ኮድ በመጻፍ አይደለም። የፓይተኑ ቨርዥን ከላይብረሪው ጋር አልስማማ ይላል፤ ዳታቤዙ፣ ፖስትግሬስ፣ ፓስወርዱን አልቀበል ይላል፤ ሥራውን ያስረከበው ሰው «እኔ ጋ እኮ ይሠራል» ብሎ ይመልሳል፤ መልሱ እውነት ቢሆንም ለተቀባዩ አንዳች አይፈይድለትም። በዚህ መመሪያ የማሳየው ፕሮግራምን ከሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ጋር ጠቅልሎ በሚያሠራው ዶከር በተባለ መሣሪያ ይህን ሁሉ ጣጣ በሁለት አጫጭር ፋይሎች ውስጥ ጽፎ ከኮዱ ጋር አብሮ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚቻል ነው። ኢንተርኔት በጥቅል እየተገዛ በሚሠራበት ቦታ ደግሞ ፋይሎቹ መጻፋቸው ብቻ አይበቃም፤ በውስጣቸው ያሉት መስመሮች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ራሱ ገንዘብ ነውና እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ምሳሌ የማደርገው ጃንጎ በተባለው የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ የተሠራ የእድር መዝገብ ነው። አባላትን ይመዘግባል፣ የወር መዋጮ ይቀበላል፣ ለከፈለ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ደረሰኝ በፒዲኤፍ ያወጣል፣ መረጃውን ሁሉ በፖስትግሬስ ያስቀምጣል። ሥራው ትንሽ ቢመስልም በኮንቴነር ውስጥ ሲገባ ሰው የሚያደናቅፉትን ነገሮች አንድ በአንድ ይዟል።

ትዕዛዞችንና የፋይል ስሞችን በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ተርሚናል ላይ ሲመቱ በላቲን ፊደል፣ በትንንሽ ሆሄያት ይጻፏቸው፤ በዶከርፋይል ውስጥ መስመር የሚጀምሩትን ቃላት፣ ማለትም «ፍሮም»ን፣ «ራን»ንና «ኮፒ»ን የመሳሰሉትን፣ እንዲሁም የኤንቫይሮንመንት ቫርያብል ስሞችን ግን በትልልቅ ሆሄያት መጻፍ የተለመደ ነው።

ኢሜጅና ኮንቴነር

ሁለቱን ቃላት ሳይለዩ መጀመር በኋላ ብዙ ያደናግራል። ኢሜጅ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን የሚተኩ ጥቂት ፋይሎችን፣ ፓይተንን፣ ላይብረሪዎችንና የራስዎን ኮድ በአንድነት የያዘ፣ ከተሠራ በኋላ የማይለወጥ ጥቅል ነው። ኮንቴነር ደግሞ ከዚያ ኢሜጅ ተነሥቶ በሥራ ላይ ያለ ፕሮሰስ ነው። ማኅተምና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ብለው ያስቡት፤ ማኅተሙ አንድ ሲሆን የሚያርፍባቸው ወረቀቶች ብዙ ናቸው፤ አንዱ ወረቀት ላይ ቢጫር ወይም ወረቀቱ ቢቀደድ ማኅተሙ አይነካም። በኮንቴነር ውስጥ ገብተው የለወጡት ነገርም እንዲሁ ኮንቴነሩ ሲወገድ አብሮ ይጠፋል። ይህን የዘነጋ ሰው በኋላ «ትናንት የጫንኩት ላይብረሪ የት ሄደ» ማለቱ አይቀርም።

ኮንቴነር ራሱን የቻለ ሌላ ኮምፒውተር አይደለም። የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ለአንድ ፕሮሰስ የሚያሳየውን የፋይል፣ የኔትወርክና የፕሮሰስ ዝርዝር በኔምስፔስ ይከልለዋል፤ ሊጠቀምበት የሚችለውን ሜሞሪና ፕሮሰሰር ደግሞ በሲግሩፕ ይወስንለታል። ሲግሩፕ ወደ ከርነሉ የገባው በ2008 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ እነዚህን ነገሮች ለተራው ፕሮግራመር በሚመች መልክ ያቀረበው ዶከር ለሕዝብ የታየው በመጋቢት 2013 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሳንታ ክላራ ከተማ በተካሄደው የፓይተን ጉባኤ ላይ ነው። የከርነሉ ጉዳይ እዚህ የተነሣው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኮንቴነር የሊኑክስን ከርነል ስለሚፈልግ በዊንዶውስና በማክ ላይ ዶከር ከጀርባ ትንሽ የሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን ያስነሣል፤ ላፕቶፕዎ ዶከር በተከፈተ ቁጥር የሚከብደውም ስለዚህ ነው።

ዶከርን መጫን

በዊንዶውስ ላይ ከሆኑ መጀመሪያ ፓወርሼልን በአድሚኒስትሬተርነት ከፍተው «ደብሊውኤስኤል» (በዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን የሚያሠራው ነው) ብለው ሁለት ሰረዝ ካስከተሉ በኋላ «ኢንስቶል» የሚለውን ይጻፉና ኮምፒውተሩን ያጥፉና ያብሩ። ቨርቹዋላይዜሽን አልበራም የሚል መልእክት ከመጣ መፍትሔው ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው ባዮስ ውስጥ ገብቶ ማብራት ነው። ከዚያ በኋላ ዶከር ዴስክቶፕን ይጫኑ። ዶከር ዴስክቶፕ ለግል ሥራ፣ ለትምህርት፣ እንዲሁም ከ250 በታች ሠራተኛና ከ10 ሚሊዮን ዶላር በታች ዓመታዊ ገቢ ላለው ድርጅት በነፃ የሚሰጥ ነው፤ ከዚያ በላይ የሆነ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከሆኑ ግን ፈቃድ መግዛት ግዴታ ነውና አስቀድመው ይጠይቁ።

ላፕቶፕዎ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ብቻ ካለው አንድ ተጨማሪ ነገር ያድርጉ። ደብሊውኤስኤል ካልተከለከለ እስከ ግማሽ የሚሆነውን ሜሞሪ ለራሱ ሊወስድ ስለሚችል፣ በዊንዶውስ የተጠቃሚ ፎልደርዎ ውስጥ በነጥብ የሚጀምር «ደብሊውኤስኤል-ኮንፊግ» የተባለ ፋይል ፈጥረው፣ «ደብሊውኤስኤል2» በሚል ርእስ ሥር ሜሞሪው ከ3 ጊጋባይት እንዳያልፍ ይወስኑት። ለእድሩ መዝገብ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ከሆኑ ዴስክቶፑ አያስፈልግዎትም፤ ዶከር ኢንጂንንና ብዙ ኮንቴነሮችን በአንድ ላይ የሚያስነሣውን የኮምፖዝ ፕለጊን ከዶከር የራሱ የፓኬጅ ማከማቻ ይጫኑ። ከዚያም ተጠቃሚዎን ወደ «ዶከር» ግሩፕ ያስገቡና ወጥተው ይግቡ። ይህ ግሩፕ የሩትን፣ ማለትም የዋናውን አስተዳዳሪ፣ ሥልጣን በተዘዋዋሪ መንገድ እንደሚሰጥ ግን ይወቁ፤ ብዙ ሰው በሚጋራው ሰርቨር ላይ ለሁሉም መስጠት አይገባም።

መጫኑን ለማረጋገጥ «ዶከር ራን ሄሎ-ወርልድ» ብለው ይዘዙ። የሰላምታ ጽሑፍ ከመጣ ጨርሰዋል። የማውረድ ጥያቄ በዝቷል የሚል ስሕተት ከመጣ ደግሞ ጥፋቱ የእርስዎ ላይሆን ይችላል፤ የኢሜጆች ማከማቻ የሆነው ዶከር ሃብ አካውንት ሳይከፍቱ የሚያወርዱትን የሚቆጥረው በአይፒ አድራሻ ስለሆነ፣ ከብዙ ሰዎች ጋር አንድ አድራሻ በሚጋሩበት ኔትወርክ ላይ ሌሎች ያወረዱት በእርስዎ ላይ ይቆጠራል። ነፃ አካውንት ከፍተው «ዶከር ሎጊን» ማለት ይበቃል።

የፕሮጀክቱ ፎልደር የት ይቀመጥ

ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ በዊንዶውስ ላይ የሥራዎን ፍጥነት ይወስናል። ፕሮጀክቱን በሲ ድራይቭ ላይ አስቀምጠው ከኮንቴነር ውስጥ ቢያነቡት እያንዳንዱ ፋይል በሁለት የተለያዩ የፋይል ሲስተሞች መካከል ስለሚመላለስ፣ ጃንጎ ኮድ በተለወጠ ቁጥር ራሱን እስኪያስነሣ ድረስ ቡና ሊፈላ ይችላል። ፎልደሩን በደብሊውኤስኤሉ ኡቡንቱ ውስጥ፣ በሆም ሥር ያስቀምጡት፤ ቪኤስ ኮድ ከዚያ ሆኖ ያለ ችግር ይከፍተዋል።

ዶከርፋይሉ

በፕሮጀክቱ ዋና ፎልደር ውስጥ፣ ጃንጎው «ማኔጅ» የሚለው ፋይል ካለበት ጎን፣ «ዶከርፋይል» የሚባል ኤክስቴንሽን የሌለው ፋይል ይፍጠሩ።

የመጀመሪያው መስመር «ፍሮም ፓይተን፡3.12-ስሊም» የሚል ይሁን። ከሁለቱ ነጥቦች በኋላ ያለው ታግ ይባላል፤ ታግ ሳይጽፉ ከተዉት «ሌተስት» የተባለው ይወርዳል፤ ዛሬ የሚወርደው ሌተስትና ከስድስት ወር በኋላ ባልደረባዎ የሚያወርደው ሌተስት ደግሞ አንድ አይሆንም። ስሊም የሚለው በዴቢያን ላይ የተሠራ፣ የማያስፈልጉ ነገሮች የተቀነሱለት ሲሆን፣ ሲወርድ ከሙሉው ኢሜጅ በብዙ እጥፍ ያንሳል። ከእሱም ያነሰ አልፓይን የሚባል አለ፤ ነገር ግን አልፓይን የሚጠቀመው የሲ ላይብረሪ የተለየ ስለሆነ ተዘጋጅተው የሚወርዱ አንዳንድ የፓይተን ፓኬጆች አይሆኑለትም፤ በዚህም ምክንያት ከምንጭ ኮድ መገንባት ግድ ይሆናል። በማውረድ ያተረፉትን ሜጋባይት ኮምፓይለር በማውረድ መልሰው ይከፍሉታል። ለፓይተን ሥራ ስሊምን ይያዙ፤ በዚህ ላይ አልከራከርም።

ቀጥሎ «ኢንቪ» በሚለው ቃል ጀምረው «ፓይተንአንበፈርድ» የተባለውን ቫርያብል 1 ያድርጉት፤ አለበለዚያ ፓይተን የሚያትመውን ነገር ቋት ውስጥ ስለሚያቆየው ስሕተት ሲፈልጉ ባዶ ስክሪን ላይ ያፈጥጣሉ። በዚያው «ቲዜድ»ን ወደ «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ያድርጉት። ኮንቴነር ካልተነገረው የሚሠራው በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባሉት ሦስት ሰዓታት ውስጥ የተመዘገበ መዋጮ የትናንት ቀን ይዞ ይገኛል፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ደግሞ የእድሩ ሒሳብ ሹም ጠርቶ እንደሚጠይቅዎት አይጠራጠሩ። የጃንጎው ሴቲንግስ ፋይል የራሱ የሰዓት ክልል ስላለው እዚያም ይህንኑ ይጻፉ፤ አንዱን አስተካክሎ ሌላውን መተው ሁለቱንም ከመተው የባሰ ግራ ያጋባል።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ። ደረሰኙን ወደ ፒዲኤፍ የሚለውጠው ዊዚፕሪንት ፓንጎ የተባለውን የጽሑፍ አሰላለፍ ላይብረሪ ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ራን» ብለው የዴቢያን ፓኬጅ መጫኛ በሆነው በአፕት-ጌት ይጭኑታል። ፓንጎን ብቻ ጭኜ የመጀመሪያውን ደረሰኝ ያወጣሁ ቀን ያየሁት ይህ ነበር፦ ቁጥሮቹ በቦታቸው አሉ፣ የብሩ መጠን በትክክል ተጽፏል፣ የሠንጠረዡ መስመር ቀጥ ብሏል፤ የአባሉ ስም ግን አሥራ አንድ ባዶ ሳጥን ነው። ኮዱ ላይ ሁለት ሰዓት ፈጀሁ። ኢንኮዲንጉን ቀየርኩ፣ ዳታቤዙን ጠረጠርኩ፣ አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ ጠየቅሁት። ምክንያቱ ግን ቀላል ነበር፤ ላፕቶፑ ላይ ፕሮግራሙ ሲሠራ የነበረው ዊንዶውስ እንደ ኢብሪማና ኒያላ ያሉ የግዕዝ ፊደል የያዙ ፎንቶች ስላሉት ሲሆን፣ ኮንቴነሩ ውስጥ ግን ከፓንጎ ጋር ተያይዞ የመጣው ደጃቩ ብቻ ነበር፤ ደጃቩ ደግሞ ላቲንና ቁጥር እንጂ ግዕዝ የለውም።

መፍትሔው በዚያው የአፕት-ጌት መስመር ላይ «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ» የተባለውን የዴቢያን ፓኬጅ መጨመር ነው። ቀለል ያለና የእኛን ፊደል አሟልቶ የያዘ ነው። ከተጫነ በኋላ በኮንቴነሩ ውስጥ «ኤፍሲ-ሊስት» ብለው፣ አንድ ክፍት ቦታ ትተው፣ ሁለት ነጥብ፣ «ላንግ»፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያም የአማርኛ ምህጻረ ቃል የሆኑትን ሁለት የላቲን ፊደላት፣ ማለትም ኤይንና ኤምን፣ ይጻፉ፤ አንድ መስመር እንኳ ከመለሰ ፊደሉ ገብቷል፤ ባዶ ከሆነ ሳጥኖቹ አሁንም እየጠበቁዎት ነው።

ይህንን መስመር ሲጽፉ ሦስት ነገር ይጠብቁ። አፕዴቱና ኢንስቶሉ በአንድ «ራን» ውስጥ በሁለት የእና ምልክት ተያይዘው ይጻፉ፤ ከተለያዩ ዶከር የአሮጌውን አፕዴት ውጤት አስቀምጦ በኋላ የሌለ ፓኬጅ ሊፈልግ ይችላል። «ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ፤ ያልጠየቁትን ብዙ ፓኬጅ ከማውረድ ያድናል። በመጨረሻም «ቫር/ሊብ/አፕት/ሊስትስ» ውስጥ የቀረውን ዝርዝር በዚያው መስመር ይሰርዙ።

ቀጣዩ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ነው፤ መግቢያው ላይ ገንዘብ ነው ያልኩትም ይህንን ነው። ዶከር ኢሜጅ ሲገነባ እያንዳንዱን መስመር እንደ አንድ ንብርብር ያስቀምጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ሲገነባ ያልተለወጠውን ንብርብር እንዳለ ይወስዳል፤ አንድ መስመር ላይ ለውጥ ካገኘ ግን እሱንና ከእሱ በኋላ ያለውን ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ መላውን ኮድ በአንድ «ኮፒ» አስገብቶ ከዚያ በኋላ የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚጭነውን ፒፕ ኢንስቶል ይላል። በዚህ አሠራር አንዲት የደረሰኝ ርእስ ቢያስተካክል ኮዱ ተለወጠ ማለት ስለሆነ፣ ከዚያ በታች ያለው ፒፕ ኢንስቶል ጃንጎንም፣ ዊዚፕሪንትንም፣ ሌላውንም ሁሉ ከኢንተርኔት እንደገና ያወርዳል።

ስለዚህ እንዲህ ይደርድሩት፦ መጀመሪያ «ወርክዲር /አፕ» ብለው የሥራ ፎልደሩን ይወስኑ፤ ቀጥሎ የላይብረሪዎቹን ዝርዝር የያዘውን «ሪኳየርመንትስ ነጥብ ቲኤክስቲ» የተባለውን አንድ ፋይል ብቻ ኮፒ ያድርጉ፤ ከዚያ ፒፕ ኢንስቶሉን ይጻፉ፤ የቀረውን ኮድ በመጨረሻ ኮፒ ያድርጉ። በዚህ አደራደር ላይብረሪ የሚወርደው የላይብረሪው ዝርዝር ሲለወጥ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ መቆጠብ ከፈለጉ፣ በፒፕ ኢንስቶሉ መስመር ላይ ከ«ራን» ቀጥሎ «ማውንት» የሚለውን አማራጭ አስገብተው ዓይነቱን «ካሽ»፣ መድረሻውን ደግሞ በሩት ፎልደር ሥር ያለውን የፒፕ ካሽ ያድርጉት፤ ያኔ ዝርዝሩ ላይ አንድ ላይብረሪ ቢጨምሩ እሷ ብቻ ትወርዳለች፤ የቀሩት ቀድሞ ከወረዱበት ይወሰዳሉ።

በላይብረሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዱን ስም ከቨርዥኑ ጋር ይጻፉ። የፖስትግሬስ አገናኙን ሳይኮፒጂን «ባይነሪ» ከሚለው ጋር ካደረጉት ኮምፓይለር መጫን አያስፈልግም።

በኡቡንቱ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ አንድ መስመር ይጨመራል። ኮንቴነር ካልተነገረው በሩት ተጠቃሚ ስለሚሠራ፣ ከውስጡ የማይግሬሽን (የዳታቤዝ አወቃቀር ለውጥ) ፋይል ሲፈጥሩ ባለቤቱ ሩት ይሆንና በኤዲተርዎ ማስተካከል ይከለከላሉ። ከፒፕ ኢንስቶሉ በኋላ «ዩዘርአድ» በሚለው ትዕዛዝ መለያ ቁጥሩ 1000 የሆነ ተጠቃሚ ይፍጠሩና «ዩዘር» በሚለው መስመር ወደ እሱ ይዙሩ። በኡቡንቱ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረው ተጠቃሚ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 1000 ነው፤ «አይዲ» ብለው ሰረዝና «ዩ» በማስከተል የራስዎን ማየት ይችላሉ።

የመጨረሻው መስመር «ሲኤምዲ» ሲሆን የጃንጎን ራንሰርቨር ያስነሣል። አድራሻውን 0.0.0.0:8000 ያድርጉት። ጃንጎ ካልተነገረው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ይሰማል፤ በኮንቴነር ውስጥ ያ አድራሻ ኮንቴነሩን ራሱን እንጂ ላፕቶፕዎን አያመለክትም፤ ስለዚህ ሰርቨሩ ተነሥቻለሁ እያለ ብራውዘርዎ ግን ምንም አያገኝም።

ከዶከርፋይሉ ጎን በነጥብ የሚጀምር «ዶከርኢግኖር» የተባለ ፋይል ፈጥረው የጊት ፎልደሩን፣ ቀድሞ የነበረውን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንትና ፓስወርድና ሌላ ምስጢር የሚጻፍበትን፣ በነጥብ የሚጀምረውን የ«ኢንቪ» ፋይል ይዘርዝሩበት። ይህን የዘለለ ሰው ፓስወርዱን በኢሜጁ ውስጥ አሽጎ ለሰው ያድላል።

የኮምፖዝ ፋይሉ

የእድሩ መዝገብ ሁለት ኮንቴነር ይፈልጋል፤ አንዱ ለጃንጎው፣ አንዱ ለፖስትግሬሱ። ሁለቱን በአንድ ላይ የሚያስነሣው «ኮምፖዝ ነጥብ ያምል» የተባለው ፋይል ነው። ያምል ታብን ለመስመር መግቢያ አይቀበልም፤ በስፔስ ብቻ ይጻፉ። አሮጌ ምሳሌዎች ፋይሉን «ቨርዥን» በሚል መስመር ይጀምሩታል፤ ትዕዛዙንም በዶከርና በኮምፖዝ መካከል ሰረዝ አድርገው ይጽፉታል። ሁለቱም አልፎባቸዋል፤ አሁን በክፍት ቦታ «ዶከር ኮምፖዝ» ነው የሚባለው።

«ሰርቪስስ» በሚለው ሥር የመጀመሪያውን ሰርቪስ «ዲቢ» ይበሉት። ኢሜጁ ፖስትግሬስ 16 ይሁን። በኢንቫይሮንመንቱ ውስጥ የዳታቤዙን ስም፣ ተጠቃሚውንና ፓስወርዱን ይስጡት፤ ፓስወርድ ከሌለው ኢሜጁ አይነሣም። «ቮልዩምስ» በሚለው ሥር «ፒጂዳታ» የተባለ ቮልዩም በኮንቴነሩ ውስጥ ካለው የፖስትግሬስ የዳታ ፎልደር፣ «/ቫር/ሊብ/ፖስትግሬስኪውኤል/ዳታ»፣ ጋር ያገናኙት። ኮንቴነሩ ሲወገድ መዋጮው አብሮ እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ መስመር ነው። ስሙን በፋይሉ ግርጌም «ቮልዩምስ» ብለው እንደገና ያስመዝግቡት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠመድበት ነገር አለ። ያ ፓስወርድ የሚነበበው ቮልዩሙ ባዶ ሆኖ ዳታቤዙ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈጠር ብቻ ነው። በኋላ ፋይሉ ላይ ቢለውጡት ጃንጎው በአዲሱ ይሞክራል፤ ፖስትግሬሱ የሚያውቀው አሮጌውን ነው፤ ስለዚህ ፓስወርድ ተሳስቷል እያለ ይመልስዎታል። ወይ በፖስትግሬስ ውስጥ ገብተው ይለውጡት፣ ወይም የሚያሳዝን ዳታ ከሌለበት ቮልዩሙን ሰርዘው እንደ አዲስ ይጀምሩ።

ለዲቢው ለሥራ ዝግጁ መሆኑን የሚፈትሽ «ሄልዝቼክ» ይጨምሩለት፤ የሚሞክርበት ትዕዛዝ «ፒጂ_ኢዝሬዲ» ይሁን፤ በየ5 ሰከንዱ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ሰርቪስ «ዌብ» ነው። «ቢልድ» በሚለው አንድ ነጥብ ይስጡት፤ ዶከርፋይሉ እዚሁ ፎልደር ውስጥ ነው ማለት ነው። «ኢሜጅ» በሚለው ደግሞ «እድር-ዌብ» የሚል ስም ያውጡለት፤ ስሙ በኋላ በፍላሽ ስናስተላልፍ ያስፈልገናል። በቮልዩምስ ሥር የአሁኑን ፎልደር ከ«/አፕ» ጋር ያገናኙት፤ ይህ ባይንድ ማውንት ይባላል፤ በኤዲተርዎ የለወጡት ኮድ ኢሜጁን እንደገና ሳይገነቡ ወዲያው በኮንቴነሩ ውስጥ ይታያል። ፖርቱን «127.0.0.1:8000:8000» ብለው በትእምርተ ጥቅስ ይጻፉት። ፊተኛውን አድራሻ ከተዉት ፖርቱ ለመላው ኔትወርክ ይከፈታል፤ በሊኑክስ ላይ ደግሞ ዶከር የፋየርዎል ሕጉን ራሱ ስለሚጽፍ ዩኤፍደብሊው በተባለው የኡቡንቱ ፋየርዎል ዘግቼዋለሁ ብለው የተማመኑበት በር ክፍት ሆኖ ይገኛል። ለዲቢው ጨርሶ ፖርት አይክፈቱለት፤ ጃንጎው በውስጥ ኔትወርክ ያገኘዋል።

በ«ዲፔንድስ_ኦን» ሥር ዌቡ ዲቢውን እንዲጠብቅ ሲያዙ «ኮንዲሽን» ብለው «ሰርቪስ_ሄልዚ» ማለትን አይርሱ። ስሙን ብቻ ከጻፉ ዶከር የሚጠብቀው ኮንቴነሩ መነሣቱን እንጂ ፖስትግሬስ ለጥያቄ ዝግጁ መሆኑን አይደለም፤ ውጤቱም አንዳንድ ቀን የሚነሣ፣ አንዳንድ ቀን የሚወድቅ ፕሮጀክት ይሆናል።

በጃንጎው ሴቲንግስ ውስጥ የዳታቤዙ ሆስት «ዲቢ» ይሁን እንጂ «ሎካልሆስት» አይሁን። ኮምፖዝ የሰርቪሱን ስም ራሱ ወደ አድራሻ ይተረጉመዋል። ፓስወርዱን ከ«ኢንቪ» ፋይሉ እንዲያነብ ያድርጉት፤ ፋይሉን ወደ ጊት አያስገቡት፤ በምትኩ ስሞቹን ብቻ ይዞ ዋጋቸው ባዶ የሆነ ናሙና ያስገቡ።

ማስነሣትና በየቀኑ መሥራት

«ዶከር ኮምፖዝ አፕ» ብለው ሁለት ሰረዝና «ቢልድ» ጨምረው ይዘዙ። የመጀመሪያው ጊዜ ረጅም ነው፤ መብራት በማይጠፋበትና ኢንተርኔት በሚፈጥንበት ሰዓት ቢያደርጉት ይሻላል። ሁለቱ ሰርቪሶች ከተነሡ በኋላ ሌላ ተርሚናል ከፍተው «ዶከር ኮምፖዝ ኤግዜክ ዌብ ፓይተን» ካሉ በኋላ የጃንጎውን የማይግሬት ትዕዛዝ ይስጡ፤ ቀጥሎም በዚሁ መንገድ ሱፐርዩዘር ይፍጠሩ።

ከዚህ በኋላ ለጃንጎ የሚሰጥ ትዕዛዝ ሁሉ በ«ኤግዜክ» በኩል ያልፋል። አዲስ ላይብረሪ ሲያስፈልግም ኮንቴነሩ ውስጥ ገብተው ፒፕ ኢንስቶል አይበሉ፤ ዝርዝሩ ላይ ጽፈው ኢሜጁን እንደገና ይገንቡ።

ማታ ሥራ ሲጨርሱ «ዶከር ኮምፖዝ ዳውን» ይበሉ፤ ኮንቴነሮቹ ይወገዳሉ፤ ቮልዩሙ ግን ይቀራል። በትእዛዙ ላይ ሰረዝ «ቪ» ከጨመሩ ቮልዩሙም አብሮ ይሰረዛል፤ ጥያቄም አይጠይቅም። ሁለት ሳምንት ያስገባሁትን የሙከራ አባላት መዝገብ በዚህች አንዲት ፊደል ስላጠፋሁ ከዚያ ወዲህ የዳታቤዙን ቅጂ የሚያወጣውን «ፒጂ_ደምፕ»ን ሳላስቀድም አልጠቀምባትም። መብራት በድንገት ቢጠፋ ግን ያን ያህል አይጨነቁ፤ ፖስትግሬስ የጽሑፍ መዝገቡን አስቀድሞ ስለሚይዝ ሲነሣ ራሱን ያስተካክላል።

ዲስክዎ ሲጠብ «ዶከር ሲስተም ዲኤፍ» ምን ያህል እንደተያዘ ያሳያል፤ «ዶከር ሲስተም ፕሩን» ደግሞ በሥራ ላይ የሌለውን ያጸዳል። ያስተውሉ፦ ፕሩን የግንባታ ካሹንም ስለሚጠርግ ቀጣዩ ግንባታ እንደ መጀመሪያው ረጅም ይሆናል፤ የኢንተርኔት ጥቅልዎ ሊያልቅ ሲል አያድርጉት።

ኤዲተሩንም ወደ ኮንቴነሩ ማስገባት የሚፈልግ በቪኤስ ኮድ ላይ «ዴቭ ኮንቴነርስ» የተባለውን ኤክስቴንሽን ይጭናል፤ በነጥብ በሚጀምር «ዴቭኮንቴነር» ፎልደር ውስጥ በሚቀመጥ አንድ የጄሰን ፋይል የኮምፖዝ ፋይሉን፣ የሰርቪሱን ስምና የሥራ ፎልደሩን ይጠቁማል። ጠቃሚ ነው፤ ግዴታ ግን አይደለም።

በፍላሽ ማስተላለፍ

ባልደረባዎ ኢንተርኔቱ ደካማ ከሆነ እርስዎ ያወረዱትን እሱ ደግሞ ማውረድ የለበትም። «ዶከር ሴቭ» ብለው፣ በሰረዝ «ኦ» የሚፈጠረውን የታር ፋይል ስም ሰጥተው፣ «እድር-ዌብ»ንና የፖስትግሬሱን ኢሜጅ ከነታጉ ያስከትሉ፤ ሁለቱም በአንድ ፋይል ይታሸጋሉ። በጂዚፕ ቢጨምቁት መጠኑ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ተቀባዩ ሳይፈታ እንዳለ ሊጭነው ይችላል። ፍላሹ በፋት32 ፎርማት የተሠራ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልምና ይህን ይመልከቱ።

ባልደረባዎ ኮዱን ይቀዳል፤ የ«ኢንቪ» ፋይሉን ከናሙናው ይሞላል፤ «ዶከር ሎድ» ብሎ በሰረዝ «አይ» ፋይሉን ይጭናል፤ ከዚያም ያለ «ቢልድ» «ዶከር ኮምፖዝ አፕ» ብቻ ይላል። ኮምፖዝ ኢሜጆቹን በስማቸው እዚያው ስለሚያገኛቸው ኢንተርኔት አይጠይቅም።

ይህ የሚሠራው ሁለቱ ላፕቶፖች የፕሮሰሰር ዓይነታቸው አንድ ሲሆን ነው። እርስዎ ኤም1 ወይም ከዚያ ወዲህ በወጣ ቺፕ በሚሠራ ማክ ላይ ገንብተው እሱ ኢንቴል ላይ ቢያስነሣው የኤግዜክ ፎርማት ስሕተት ሊገጥመው ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ሲገነቡ «ፕላትፎርም» በሚለው አማራጭ «ሊኑክስ/ኤኤምዲ64» ብለው ይወስኑ፤ የፖስትግሬሱንም ኢሜጅ በዚሁ አማራጭ ያውርዱት።

ሲነሣለት ወደ አድሚኑ ገብቶ አንድ አባል ይመዝግብ፤ ስሙም ዲቃላ ፊደል ያለበት፣ ለምሳሌ «ጓንጉል» ወይም «ቋሚ» ያለበት ይሁን። አንድ ብር መዋጮ ያስገባለትና ደረሰኙን ይክፈተው፤ ስሙ በፊደል፣ ሰዓቱ በእጁ ካለው ሰዓት ጋር እኩል ከወጣ በዚያው ዕለት ኮድ መጻፍ ይጀምራል።